መዝገብና ምዝግብ፦ በመረጃ ቋት ፕሮግራሞች መሠረታዊ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

አንድ የጽሕፈት ቤት መዝገብ ያዥ በስሕተት ሁለት ጊዜ የገባውን የአንድ ባለጉዳይ ስም ከኮምፒዩተር ውስጥ ሊያወጣ ይፈልጋል እንበል። ተገቢውን ሁሉ ፈጽሞ ሲያበቃ በመስኮቱ ላይ «መዝገቡ ይሰረዝ?» የሚል ጥያቄ ይመጣለታል። ፕሮግራሙን ወደ አማርኛ የመለሰው ሰው «መዝገብ» ያለው ያንን አንዱን መስመር ነው። መዝገብ ያዡ ግን በሥራ ዘመኑ ሁሉ «መዝገብ» ሲል የኖረው የብዙ ሰው ስም የያዘውን ጥራዝ ነው። ስለዚህ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይ ደንግጦ እጁን ይሰበስባል፣ የተደገመውም ስም እንደተደገመ ይቀራል፤ ወይም ቃሉ የሚለውና ፕሮግራሙ የሚሠራው እንደማይገጥሙ ሲረዳ፣ የሚመጣለትን ጥያቄ ሁሉ ሳያነብ «አዎ» ማለትን ይለምዳል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከፋል፤ አንድ ቀን ጥያቄው በእርግጥ ስለ ጥራዙ በሚሆንበት ጊዜም መልሱ ያው «አዎ» ይሆናልና።

ይህን ምሳሌ ያስቀደምነው የሙያ ቃል ጉዳይ የውበት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ለማሳየት ነው። የልብ ወለድ ተርጓሚ አንድ ቃል ቢስት፣ አንባቢው ከዐረፍተ ነገሩ አካባቢ ተነሥቶ ስሕተቱን ሊያቃናው ይችላል። በኮምፒዩተር መስኮት ላይ ያለ ቃል ግን ብቻውን የሚቆም ነው፤ ከፊቱም ከኋላውም የሚደግፈው ዐረፍተ ነገር የለውም። በእርሱ ላይ ተመሥርቶ የሚወሰደውም እርምጃ ብዙ ጊዜ የማይመለስ ነው።

፩. የሚመዘኑት ስያሜዎችና ሚዛኑ

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው በጠረጴዛ ኮምፒዩተር የሚሠሩ የመረጃ ቋት ፕሮግራሞችን ለመጠቀም የግድ የሚያስፈልጉትን ጥቂት ስያሜዎች ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በዲቤዝ አማካይነት የተስፋፉ፣ ከ1992 ወዲህ በማይክሮሶፍት አክሰስ፣ በኋላም በነፃ በሚታደለው በሊብረኦፊስ ቤዝ የታወቁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ከተካተተ ወዲህ፣ የአማርኛ ስም በአማርኛ ፊደል በእነዚህ ፕሮግራሞች ለመመዝገብ መንገዱ ተጠርጓል። ፊደሉ ከገባበት ቃሉ ዘግይቶ መቅረት አይገባውም።

የምንመለከታቸው ስያሜዎች በሥልጠና ጽሑፎችና በተተረጎሙ ፕሮግራሞች የሚዘወተሩ ናቸው። የትኛው የየትኛው ተርጓሚ እንደሆነ መለየት አላስፈለገንም፤ ጉድለቱ የወል ነው፤ ትጋቱም እንዲሁ። ጉድለቱን በአንድ ቃል እንግለጸው ብንል፣ ስያሜዎቹ አንድ በአንድ ከጠቅላላ መዝገበ ቃላት የተለቀሙ መሆናቸው ነው። ተርጓሚው የእንግሊዝኛውን ቃል ይወስዳል፤ የመጀመሪያውን ፍቺ ያወጣል፤ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ነገር ግን የእነዚህ ፕሮግራሞች ጽንሰ ሐሳቦች እንደ ዘመድ ስሞች ናቸው። አጎት ማለት ምን እንደሆነ የሚታወቀው እናትና አባት፣ ወንድምና እኅት በሚሉት መካከል በያዘው ቦታ ነው። ከእነዚህ አንዱ ቢሳት ሌላው ሁሉ ይናጋል። ስለዚህ ሚዛናችን ሁለት ጎን አለው። አንደኛ፣ ስያሜው ከባልንጀሮቹ ጋር ሲቆም ይለያል ወይስ ይምታታል? ሁለተኛ፣ ጽንሰ ሐሳቡ ከኮምፒዩተር በፊት በአገራችን መዝገብ ቤት፣ ትምህርት ቤትና ሸንጎ ውስጥ ስም ነበረው ወይስ አልነበረውም?

፪. ከፊደል ገበታ የምናገኘው ትምህርት

በመልካሙ እንጀምር። «ሠንጠረዥ» የሚለው ስያሜ የተዋጣለት ነው። ቃሉ ጥንት የጨዋታ ስም ሲሆን፣ የጨዋታው ገበታ ቁልቁልና አግድም በተሰመሩ መስመሮች የተከፈለ ነው። እንግሊዝኛው ለዚህ ነገር የሚጠቀምበት ቃል የጠረጴዛም ስም እንደሆነ የታወቀ ነው። የቀደሙት ተርጓሚዎች ግን የቁጥር ሠንጠረዥን «ጠረጴዛ» አላሉትም። ቃሉን ትተው የነገሩን መልክ ጠየቁ፤ መልኩም ሠንጠረዥ ሆኖ አገኙት። ከዚህ በታች የምንነቅፋቸው ስያሜዎች ሁሉ ይህን አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁ የተሠሩ ናቸው።

«ረድፍ»ና «ዓምድ»ም ተመሳሳይ ምስጋና ይገባቸዋል። ፊደል የቆጠረ ሰው ሁሉ እነዚህን ጽንሰ ሐሳቦች በልጅነቱ ተምሯቸዋል። በፊደል ገበታ ላይ ከሀ እስከ ፐ 33 ረድፎች አሉ፤ ከግእዝ እስከ ሳብዕ 7 ዓምዶች አሉ፤ ረድፍና ዓምድ በሚገናኙበትም 231 ሆሄያት ተቀምጠዋል። «የለ ሣልስ» የተባለ ልጅ ረድፉን በ«ለ»፣ ዓምዱን በ«ሣልስ» ይዞ በ«ሊ» ላይ ጣቱን ያሳርፋል። የመረጃ ቋት ፕሮግራም ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም።

ታዲያ ረድፍና ዓምድ የሚገናኙበትን ስፍራ «ሕዋስ» ማለት ከየት መጣ? ሕዋስ በአማርኛ አስቀድሞ የስሜት መቀበያ አካል ነው፤ አምስቱ ሕዋሳት እንላለን። በኋላ የሥነ ሕይወት ሰዎች ለሕያዋን ጥቃቅን አካላት ወሰዱት። የሠንጠረዥ ተርጓሚ ደግሞ እንግሊዝኛው ለሁለቱም አንድ ቃል ስለሚጠቀም የሥነ ሕይወቱን ትርጉም እንዳለ አምጥቶ ለጠፈው። እንግሊዝኛው ግን በዚህ ቦታ የሚያስበው ትንሽ ክፍልን፣ ጠባብ ቤትን ነው። አማርኛም ለዚሁ ያለው ቃል «ቤት» ነው። በሒሳብ የአንድ ቤት፣ የአሥር ቤት፣ የመቶ ቤት እንላለን፤ በሰዋስው የቀተለ ቤት፣ የቀደሰ ቤት እንላለን፤ በግጥምም ቤት ይመታል። በሁሉም ዘንድ ቤት ማለት በሥርዐት ውስጥ የተወሰነ ስፍራ ነው። «በሦስተኛው ረድፍ፣ በሁለተኛው ዓምድ ያለው ቤት» ቢባል የማይገባው አንባቢ አይኖርም።

፫. መዝገብ፣ ምዝግብ፣ ዘገባ

አሁን ወደ መነሻችን እንመለስ። እንግሊዝኛው «ሬከርድ» የሚለው አንድን ረድፍ ከነሙሉ ይዘቱ ነው፤ የአንድ ልጅ የልደት ምዝገባ፣ የአንድ ተማሪ ውጤት፣ የአንድ ዕቃ ገቢ። ይህን «መዝገብ» ማለት ያዡን በተያዡ ስም መጥራት ነው። በግእዝ ዘገበ ማለት ሰበሰበ፣ አከማቸ ማለት ሲሆን፣ መዝገብ የስፍራ ስም ነው፤ የሚከማችበት ማለት ነው። የሕግ ቋንቋችንም ይህንኑ ጠብቋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ «የክብር መዝገብ» ሲል ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚጻፉበትን መዝገብ ማለቱ ነው፤ አንዱን ልደት ማለቱ አይደለም።

ለተርጓሚዎቹ መከራከሪያ የሚሆን አንድ ልማድ አለ፤ እርሱን ሳንጠቅስ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በፍርድ ቤት አንድ ክስ አንድ መዝገብ ይባላል፤ የመዝገብ ቁጥር ይሰጠዋል፤ «መዝገቡ ተዘግቷል» ይባላል። በዚህ አካሄድ መዝገብ የአንድ ጉዳይ ስም ሆኗል። ይሁን እንጂ የፍርድ ቤቱ መዝገብም ክሱን፣ መልሱን፣ የምስክሩን ቃል፣ ውሳኔውን በውስጡ የሚያጭቅ ያዥ ነው። መስመር አይደለም። ደግሞም አንድ ስያሜ በአንዱ ጽሕፈት ቤት ጥራዝ፣ በሌላው ጉዳይ፣ በኮምፒዩተር ደግሞ መስመር ከሆነ፣ ሦስቱም በአንድ ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ በሚገናኙበት ዘመን መለየት የማይቀር ነው።

መለያው ከዚያው ከሥሩ ይገኛል። መዝገብ ከሚለው ስም መዘገበ የሚል ግስ ወጥቷል። ከዘረዘረ ዝርዝር፣ ከደለደለ ድልድል እንደሚወጣ ሁሉ፣ ከመዘገበም «ምዝግብ» ይወጣል፤ የተመዘገበው ነገር ማለት ነው። ቃሉ እንግዳ አይደለም፤ «ምዝግብ ማስታወሻ» በሚለው ጥምረት በኮምፒዩተር አማርኛ ውስጥ ገብቷል። እንግዲህ ከአንድ ሥር ሙሉ ቤተሰብ እናገኛለን። የሚመዘግበው መዝጋቢ፤ ድርጊቱ ምዝገባ፤ የተመዘገበው ምዝግብ፤ ምዝግቦች የሚጠራቀሙበት መዝገብ፤ ከመዝገቡ ተጠናቅሮ ለአለቃ የሚቀርበውም ዘገባ። «ሪፖርት» የሚለው የውሰት ቃል በጽሕፈት ቤት የሠረጸ ስለሆነ አንነቅለውም፤ ነገር ግን ዘገባ ከመዝገብ ጋር ያለው የሥር ዝምድና ለአስተማሪ ትልቅ እርዳታ ነው።

በምዝግብ ላይ ሊነሣ የሚችለው ተቃውሞ ከመዝገብ ጋር በመልክ መቀራረቡ ነው። እውነት ነው፤ ዐይን ሲቸኩል አንዱን ለሌላው ያነባል። ስለዚህ አደገኛ በሆነ ጥያቄ ላይ ቁጥር እንዲጨመር እንመክራለን። «1 ምዝግብ ይጥፋ?» ሲባል ቁጥሩ ራሱ ጠባቂ ይሆናል።

፬. መስክና ዓምድ

«ፊልድ» የሚባለውን ጽንሰ ሐሳብ «መስክ» ብለው የተረጎሙ ብዙዎች ናቸው። መስክ ሣር የበቀለበት፣ ከብት የተሰማራበት፣ ወሰኑ በዐይን የማይደረስ ስፍራ ነው። በምሳሌያዊ አነጋገር የሙያ መስክ፣ የጥናት መስክ ብንል ያው ስፋቱን ይዘን ነው። በሠንጠረዥ ውስጥ የሚፈለገው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ጠባብ፣ የተከለለ፣ አንድ ዓይነት ነገር ብቻ የሚቀበል ስፍራ። «የስም መስክ» ሲባል አንባቢው የሚያየው ነገር የለም።

ጽንሰ ሐሳቡ ሁለት መልክ እንዳለው ልብ ማለት ይገባል። በሠንጠረዥ ሲታይ ከላይ ስም የተጻፈበት ዓምድ ነው፤ በቅጽ ሲታይ የሚሞላ ክፍት ቦታ ነው። ቅጽ መሙላት ማንም የሚያውቀው ሥራ ስለሆነ፣ በዚህኛው መልኩ «መሙያ» ብንለው የሚቸገር አይኖርም። በሠንጠረዥ ዓምድ፣ በቅጽ መሙያ፤ ሁለቱም የአንድ ነገር ገጽታዎች መሆናቸውን ማስረዳት የመማሪያ መጽሐፍ ተግባር ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ፣ ከስያሜ ይልቅ ያመዘነ ስሕተት አለ። ይኸውም የዓምዶች አርእስት ነው። «የመጀመሪያ ስም» እና «የመጨረሻ ስም» የሚሉ አርእስት የአውሮፓን ቤተሰብ ስም ልማድ የሚከተሉ ናቸው። የእኛ ሰው ግን ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም አለው። «የመጨረሻ ስም» የተባለ ባለጉዳይ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም ይሰጣል። በአንድ ዓምድ ውስጥ ሁለት ትውልድ ይደባለቃል፤ ወንድማማቾችም በመዝገቡ ላይ ባዕዳን ሆነው ይገኛሉ።

የቀን ዓምድም እንዲሁ ነው። ፕሮግራሙ «ቀን» ሲል የአውሮፓን አቆጣጠር ማለቱ ነው፤ ስያሜው ግን ይህን አይናገርም። መዝገብ ያዡ ጥቅምት 30ን 30/2 ብሎ ቢያስገባ ፕሮግራሙ አይቀበለውም፤ ፌብሩዋሪ 30 ቀን የለውምና። ይህስ ደኅና ነው፤ ስሕተቱ ወዲያው ይታያል። የካቲት 30ን 30/6 ብሎ ቢያስገባ ግን ፕሮግራሙ ጁን 30 ነው ብሎ ዝም ብሎ ይቀበለዋል። ሠራተኛው ልክ ገባልኝ ይላል፤ መዝገቡም ሐሰት ይይዛል። «ቀን፣ በአውሮፓ አቆጣጠር» የሚሉ ሦስት ቃላት ይህን ሁሉ ይከለክሉ ነበር።

፭. ቁልፍ፣ መለያና ዝምድና

«ዋና ቁልፍ» ወይም «ቀዳሚ ቁልፍ» የተባለው፣ አንዱን ምዝግብ ከሌላው ፈጽሞ የሚለየው ዓምድ ነው፤ ለምሳሌ የምዝገባ ቁጥር። ይህ ስያሜ ሁለት ጊዜ ይሰናከላል። አንደኛ፣ ቁልፍ በአማርኛ የደጅ መክፈቻ፣ የልብስ መያዣ፣ በኮምፒዩተርም ፊደል የሚመታበትና በመስኮት ላይ የሚጫኑት ሁሉ ስም ነው። «ዋናውን ቁልፍ ይምረጡ» የተባለ ጀማሪ ከፊቱ ካሉት ቁልፎች ትልቁን ቢጫን አይፈረድበትም። ሁለተኛ፣ ዋና ቁልፍ ሲባል በሁሉም በር የሚገባ መክፈቻ ይታሰባል፤ የዚህ ዓምድ ተግባር ግን ሁሉን መክፈት ሳይሆን አንዱን ብቻ ለይቶ ማመልከት ነው።

ተግባሩ መለየት ከሆነ ስሙም «መለያ» ነው። ሠራተኛው የመለያ ቁጥርን ያውቃል። ስም ለምን መለያ እንደማይሆንም ለእኛ ከማንም ይልቅ ግልጽ ነው። ሁለት ሰዎች በስምም በአባትም ሊገናኙ ይችላሉ። ይባስ ብሎም አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ ይገኛል፤ ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ኀይሉ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሦስት ናቸው። መሠረትና መሰረት፣ ፀሐይና ጸሐይ እንዲሁ። የፊደል ሞክሼነት ስሞችን በዘፈቀደ በሚጽፍ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የአንድን ሰው ምዝግብ ሊሰውረው ይችላል። ስለዚህ «ዋና መለያ» የሚለው ስያሜ ትምህርትም ጭምር ነው።

በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ተቀምጦ በሌላ ሠንጠረዥ ያለ ምዝግብን የሚያመለክተውን ዓምድ አንዳንዶች «ባዕድ ቁልፍ» ብለውታል። ቁልፉን ብንነቅፍም ባዕዱን እናደንቃለን። የቀደሙት የሰዋስው ሊቃውንት ከሥሩ ውጭ መጥተው በቃል ላይ የሚቀጠሉትን ፊደላት ባዕድ መነሻ፣ ባዕድ መድረሻ ይሏቸው ነበር። ከሌላ ቤት መጥቶ እዚህ የተቀመጠ ማለት ነው፤ ጽንሰ ሐሳቡም ይኸው ነው። በልደት ሠንጠረዥ ውስጥ የእናት መለያ ቁጥር ቢገኝ፣ ያ ቁጥር በእናቶች ሠንጠረዥ ባለቤት፣ በልደቶች ሠንጠረዥ ባዕድ ነው። ስለዚህ «ባዕድ መለያ» ይባል።

«ዝምድና» በሚለው ስያሜ ላይ የተፈጠረው ግን የቃል ሳይሆን የአሳብ ስሕተት ነው። ብዙ ጽሑፎች «ዝምድናዊ የመረጃ ቋት የተባለው ሠንጠረዦቹ እርስ በርስ ስለሚዛመዱ ነው» ይላሉ። እንደዚያ አይደለም። ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጽሑፍ ይህን ቃል የወሰደው ከሒሳብ ነው፤ በዚያም ዝምድና የተባለው ሠንጠረዡ ራሱ፣ በአንድ ረድፍ ያሉት ዋጋዎች እርስ በርሳቸው ያላቸው መያያዝ ነው። አንድ ሠንጠረዥ ብቻውንም ዝምድና ነው። በሁለት ሠንጠረዦች መካከል በባዕድ መለያ አማካይነት የሚደረገው መያያዝ ሌላ ነገር ነው፤ እርሱን «ትስስር» ብለን ብንለየው ሁለቱ አሳቦች አይጠላለፉም። የአንድ እናትና የብዙ ልጆች ትስስር አንድ ለብዙ፣ የተማሪዎችና የትምህርቶች ትስስር ብዙ ለብዙ ነው።

፮. መጠይቅ፣ ባዶ፣ ሰርዝ

«ኩዌሪ» የተባለውን «መጠይቅ» ብሎ መተርጎም የተለመደ ነው። መጠይቅ ግን ባለቤት ያለው ቃል ነው። አጥኚዎች ለሰዎች የሚያድሉት፣ ጥያቄዎች የተደረደሩበት ወረቀት መጠይቅ ይባላል። አሁን ልብ እንበል፤ ያ ወረቀት መረጃ የሚሰበሰብበት መሣሪያ ነው፤ በፕሮግራሙ ውስጥ የሚቀርበው ኩዌሪ ደግሞ የተሰበሰበው መረጃ የሚጠየቅበት ነው። አንዱ በመግቢያው፣ ሌላው በመውጫው ይቆማል። «የመጠይቁን ውጤት በመጠይቅ አውጣ» የሚል መመሪያ የሚያነብ የስታቲስቲክስ ሠራተኛ ምን ያድርግ? ቀላሉ ቃል «ጥያቄ» በእጃችን እያለ እዚህ ውጥንቅጥ ውስጥ መግባት አያስፈልግም ነበር። ተመልሶ እንዲሠራ ተሰይሞ የሚቀመጠውን «የተቀመጠ ጥያቄ» ማለት ይበቃል። «ፍለጋ» ደግሞ አንድን ቃል ፈልጎ ለማግኘት ብቻ ይዋል።

«ባዶ» የሚለውም ጥንቃቄ ይሻል። በፕሮግራሙ ዘንድ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ ዜሮ፣ ምንም ፊደል የሌለው ጽሑፍ፣ እና ዋጋው ጨርሶ ያልተሰጠ ቤት። ሦስቱንም ባዶ ማለት ከባድ ጉዳት ያመጣል። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ልዩነቱን ያውቀዋል። በአባት ስም ፊት «የለም» ብሎ መጻፍ አንድ ነገር ነው፤ «አልታወቀም» ብሎ መጻፍ ሌላ ነው፤ ሳይሞሉ ማለፍ ደግሞ ሦስተኛ ነው። ሦስተኛው ስለ አባትየው ምንም አይናገርም፤ የሚናገረው ስለ መዝጋቢው ነው። ዋጋ ላልተሰጠው ቤት «ያልተሞላ» የሚለውን እንመርጣለን፤ ቃሉ ራሱ ሥራው እንዳላለቀ ይመሰክራልና።

ከሁሉ የሚያሳስበን «ሰርዝ» ነው። በአማርኛ ቀጠሮ ይሰረዛል፤ ጽሑፍም ይሰረዛል። ፊተኛው ሊደረግ የነበረውን መተው ነው፤ ኋለኛው የተደረገውን ማስወገድ ነው። ፕሮግራሙ ሁለቱንም ድርጊቶች ይፈልጋቸዋል፤ በአንድ መስኮትም ጎን ለጎን ያቆማቸዋል። «ምዝግቡ ይሰረዝ?» ከሚል ጥያቄ ሥር «ሰርዝ» የሚል ቁልፍ ቢቀመጥ፣ ምዝግቡን አስወግድ ማለት ነው ወይስ አሳቤን ተውኩ ማለት? ተጠቃሚው በዕድሉ ይመልሳል። የብራና የጸሐፊዎች ልማድ እንኳን ከዚህ ይጠነቀቃል። ስርዝ ድልዝ የሌለው ሰነድ ሲባል፣ መሠረዝ በመስመር መምታት፣ መደለዝ ደግሞ ፍቆ ወይም በላዩ ጽፎ ማጥፋት እንደሆነ ይለያሉ። የተሠረዘ ቃል ከመስመሩ በታች ይነበባል። ከኮምፒዩተር የሚወገድ ምዝግብ ግን አሻራ ላይተው ስለሚችል «አጥፋ» ይባል፤ መተው «ተው» ይባል፤ ሰርዝ ከሁለቱም ቦታ ይነሣ።

በዚህ አጋጣሚ ስለ አነጋገር አንድ ቃል እንጨምር። በቁልፍ ላይ የሚጻፍ ትእዛዝ ተጠቃሚው ለመሣሪያው የሚሰጠው ነው፤ ስለዚህ «አጥፋ»፣ «አስቀምጥ» ቢል ነውር የለበትም። መሣሪያው ለተጠቃሚው የሚናገረው ግን ወንድ ይሁን ሴት፣ ወጣት ይሁን አዛውንት ስለማይታወቅ «ያስገቡ»፣ «ይምረጡ» ሊል ይገባል። ሁለቱን ማደባለቅ ማን ማንን እንደሚያዝ ያሳስታል።

፯. ውሂብ፣ ጎታና ቋት

በመጨረሻ ስለ ጠቅላላው ስም። «የውሂብ ጎታ» እና «የመረጃ ቋት» የሚሉት ሁለት ስያሜዎች ይፎካከራሉ። ውሂብ ከግእዙ ወሀበ የተወሰደ ሲሆን፣ አሳቡ የላቲኑን መንገድ ይከተላል፤ የተሰጠ ማለት ነው። መንገዱ መልካም ነው፤ አረማመዱ ግን ያነክሳል። በግእዝ የተሰጠ የሚባለው ውሁብ ነው፤ ውሂብ ወደ ንኡስ አንቀጹ፣ መስጠት ወደሚለው ይጠጋል። ይሁን እንጂ ቃሉ በተተረጎሙ ፕሮግራሞች በሰፊው ስለገባ፣ ለአንዲት አናባቢ ሲባል ከቦታው ማፈናቀል ጥቅሙ ያንሳል። ጥሬውን ውሂብ፣ ተጠናቅሮ ትርጉም ያገኘውን መረጃ ብሎ መለየት ከቻልን ስሕተቱን ይክሰዋል።

ጎታም ቋትም የእህል ማኖሪያ ናቸው። ሁለቱም ክምችትን ይናገራሉ፤ ሥርዐትን ግን አይናገሩም። በጎታ የገባ ጤፍ ይደባለቃል፤ የትኛው ከየትኛው ማሳ እንደመጣ የሚለየው የለም። የመረጃ ቋት ግን ዋናው ነገሩ እያንዳንዱ ቅንጣት በመለያው ተጠርቶ መውጣቱ ነው። ያም ሆኖ ስያሜ የግድ ፍቺ መሆን የለበትም። «የመረጃ ቋት» በሕዝብ ዘንድ የሠረጸ ስለሆነ ይቆይ፤ ተወዳዳሪው ግን ይውደቅ። ለአንድ ነገር ሁለት ስም መያዝ የሚጎዳው ተማሪውን ነው።

፰. መደምደሚያ

የሐሳባችን ተቃዋሚ፣ «ሠራተኛው የውጭውን ቃል ለምዶታል፤ ሬከርድ፣ ፊልድ ይበል፤ ምን ቸገረው?» ሊለን ይችላል። የውሰት ቃልን አንጠላም፤ ኮምፒዩተርን፣ ፕሮግራምን፣ ሪፖርትን በዚህ ጽሑፍ ያለ ኀፍረት ተጠቅመንባቸዋል። ክርክራችን ከክፉ ትርጉም ጋር ነው። ክፉ ትርጉም ከውሰት ቃል ይብሳል። ሬከርድን የማያውቅ ሰው አለማወቁን ያውቃልና ይጠይቃል፤ መዝገብን የሚያውቅ ሰው ግን የማያውቀውን የሚያውቀው መስሎት ይሠራል። ስለዚህ ተርጓሚ ሁለት ምርጫ አለው። ነገሩ በአገሩ ልማድ ያለውን ስም ፈልጎ ማግኘት፣ ወይም ካላገኘ ባዕዱን ቃል እንዳለ መተው። ሦስተኛው መንገድ፣ ባዕዱን አሳብ በአገር ልብስ ሸፍኖ ማቅረብ፣ መቅረት ያለበት ነው።

ያቀረብናቸውን ስያሜዎች ለውይይት እንዲመቹ እንደሚከተለው እናጠቃልላቸዋለን።

ሠንጠረዥ፦ በረድፍና በዓምድ የተከፈለ የውሂብ ማስቀመጫ።
ቤት፦ ረድፍና ዓምድ የሚገናኙበት ስፍራ፤ በ«ሕዋስ» ፈንታ።
ምዝግብ፦ አንድ ረድፍ ከነይዘቱ፤ በ«መዝገብ» ፈንታ።
ዓምድ፣ መሙያ፦ አንድ ዓይነት ውሂብ የሚይዝ ስፍራ፣ ፊተኛው በሠንጠረዥ፣ ኋለኛው በቅጽ፤ በ«መስክ» ፈንታ።
ዋና መለያ፦ ምዝግብን ከሌላው ሁሉ የሚለይ ዓምድ፤ በ«ዋና ቁልፍ» ፈንታ።
ባዕድ መለያ፦ የሌላ ሠንጠረዥን ምዝግብ የሚያመለክት ዓምድ፤ በ«ባዕድ ቁልፍ» ፈንታ።
ትስስር፦ በሠንጠረዦች መካከል ያለ መያያዝ፤ «ዝምድና» ለሒሳባዊው አሳብ ይቆያል።
ጥያቄ፦ ከሠንጠረዥ ውሂብ መርጦ የሚያወጣ ትእዛዝ፤ በ«መጠይቅ» ፈንታ።
ያልተሞላ፦ ዋጋ ያልተሰጠው ቤት፤ በ«ባዶ» ፈንታ።
አጥፋ፣ ተው፦ ማስወገድና መተው፤ ሁለቱም በ«ሰርዝ» ፈንታ።

ከእነዚህ ውስጥ የሚጸኑትና የሚወድቁት በእኛ ፍርድ የሚወሰኑ አይደሉም። ፈራጁ ያ በመጀመሪያ የጠቀስነው መዝገብ ያዥ ነው። «1 ምዝግብ ይጥፋ?» የሚለውን አንብቦ፣ የሚጠፋው አንዱ የተደገመው ስም ብቻ መሆኑን ያለ አስተማሪ ከተረዳ ስያሜው ሠርቷል። ካልተረዳ የሚታረመው ስያሜው ነው። የተሻለ ቃል ያላቸው ባለሙያዎችም ቃሉን ከነምክንያቱና ከነባልንጀሮቹ እንዲያቀርቡልን እንጠይቃለን።